«ቱቦው ገና ይሠራል» ላሉት ጸሐፊ፦ ስለ ኦክላንድ የፍሳሽ መስመር አጭር ያልሆነ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንብበህ ንገረኝ፤ እውነት ነው?» የሚል ጨምሮበታል። አነበብኩት። ጸሐፊው እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው ያምራል፤ ንዴታቸውም ይገባኛል። የውሃ ቢል ከፍቶ ያላዘነ የለም።

የሚሉት ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የከተማው የፍሳሽ ቱቦ መቶ ዓመት ሠርቷል፣ ገናም ይሠራል። በዝናብ ቀን ሞልቶ የሚገነፍለው ዝናቡ ስለበዛ ነው፤ ለዚያ አንድ ትልቅ ታንክ ይበቃል። የቤት ባለቤቱን «ቱቦህን ቀይር» ማለት ዘረፋ ነው። በዚያ ላይ ጥፋቱን በእኛ ሬስቶራንቶች ቅባት ያሳብባሉ። ደግሞስ በዚህ ፍጥነት ሥራው መቼ ሊያልቅ ነው?

በከፊሉ እስማማለሁ፤ በየቦታው እናገራለሁ። በዋናው ነገር ግን አልስማማም። በዝናብ ቀን በማንሆል ክዳን ሥር ገንፍሎ የሚወጣው ውሃ አብዛኛው ከሽንት ቤትና ከማድ ቤት የመጣ አይደለም። ቱቦው ውስጥ መግባት ያልነበረበት ዝናብ ነው። የሚገባውም በአሮጌው ቱቦ ቀዳዳ ነው። እዚህ ላይ ካልተግባባን በሌላው አንግባባም።

«መቶ ዓመት የሠራ ቱቦ ገና ይሠራል»

በርግጥ ይሠራል፤ በሐምሌ። እዚህ ሐምሌ ጠብታ የማይወርድበት ወር ነው። ክረምታችን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ቱቦ የሚፈተነው ያኔ ነው።

ቤት ስገዛ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤቱ የ1920ዎቹ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ቧንቧ ሠራተኛው ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ረጅም ገመድ ይዞ መጣ። ከቤቱ ወደ መንገዱ በሚወጣው ቱቦ ውስጥ ሰደደው። እኔ ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ ስክሪኑን አያለሁ። መጀመሪያ የታየኝ ቀይ የሸክላ ግድግዳ ነው፤ ጀበና ውስጥ እንደማየት። በየሁለት በየሦስት ጫማው መጋጠሚያ አለ። አራቱን አለፍን። አምስተኛው ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። የዛፍ ሥር ነው። ካሜራው ገፋ አድርጎት ሲያልፍ ፀጉሩ ተመልሶ ተዘጋ። ቀጥሎ ያለው መጋጠሚያ ጭራሽ አልገጠመም፤ አንዱ ሸክላ ከሌላው ወርዶ በመሃል አፈር ይታያል። ሰውዬው ምንም ሳይገርመው «ይሄ እንኳ ደህናው ነው» አለኝ።

ሸክላው ራሱ አልበሰበሰም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ሸክላ ጠንካራ ነው። የሚያልቀው መጋጠሚያው ነው። ድሮ በሲሚንቶ ይለሰን ነበር። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ሥሩ እርጥበት አሽትቶ ይገባል፤ ገብቶ ይወፍራል፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የኦክላንድ መሬት ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ከተማው ሥር ሄይዋርድ የሚባል የመሬት ስንጥቅ ያልፋል። ርዕደ መሬት ባይኖርም መሬቱ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይንሸራተታል። በመቶ ዓመት ስንት እንደሚሆን ጸሐፊው ራሳቸው ያስሉት።

ሥር የሚያስገባ ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። አፈሩ በዝናብ ሲርስ ቱቦው ፍሳሽ ከመውሰድ አልፎ እንደ ጉድጓድ ዙሪያውን ያለውን ውሃ ይጠጣል። «ይሠራል» የሚባለው ቱቦ በዝናብ ቀን ሥራው ይሄ ነው።

ሁሉም ተጠራቅሞ የሚደርሰው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በሚያሻግረው ድልድይ፣ በቤይ ብሪጅ ሥር ካለው የኢስት ቤይ መድ (የአካባቢው የውሃና የፍሳሽ ድርጅት) ማጣሪያ ነው። ወደ 740,000 ሰው ይጠቀምበታል። በደረቅ ቀን የሚደርሰው ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ጋሎን ቢሆን ነው። ማጣሪያው የመጀመሪያውን የማጣራት ደረጃ ብቻ ከሆነ በቀን 320 ሚሊዮን፣ ሁለተኛውን ጨምሮ በደንብ ከሆነ 168 ሚሊዮን ጋሎን መያዝ ይችላል። የደረቁን ቀን ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ያም ሆኖ በኃይለኛ ዝናብ ሞልቶ ያውቃል። የሰው ቁጥር በአንድ ሌሊት አይጨምር፤ ሁሉም ሰው አንዴ ተነስቶ ሻወር አይገባ። ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ?

«ዝናብ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮም እንዲሁ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ከተማ ቀላቅለዋል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዝናብና ፍሳሽ በአብዛኛው በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ሲሠራም እንዲያ ታስቦ ነው። ከድልድዩ ወዲህ ግን መስመሩ ሁለት ነው። የመንገድ ጎርፍ በራሱ ቦይ ያለ ማጣሪያ ከተማው ውስጥ ወዳለው ሐይቅ፣ ወደ ሌክ ሜሪትና ወደ ቤይ (ወደ ባሕረ ሰላጤው) ይወርዳል። የቤት ፍሳሽ ለብቻው ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ስለዚህ ኦክላንድ ላይ «ዝናብ ስለበዛ ሞላ» ማለት መልስ አይሆንም። ዝናቡ እዚያ ምን ሊሠራ ገባ? ጥያቄው እሱ ነው።

አንዱን መግቢያ ነግሬያችኋለሁ፤ የቱቦው ስንጥቅ ነው። ሌላው አሸንዳ ነው። በድሮ ቤቶች ላይ የጣራው አሸንዳ በቀጥታ ከፍሳሽ ቱቦ ጋር የተገናኘ አለ። አንድ ጊዜ ሠፈራችን ውስጥ የጭስ ምርመራ ተደረገ። ሠራተኞቹ ማንሆል ከፍተው በማራገቢያ ጭስ ይነፉበታል። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ጭሱ የሚወጣው ጣራ ላይ ካለው መተንፈሻ ብቻ ነው። ከኔ ሦስተኛ ቤት ጭሱ በአሸንዳው በኩል በአራቱም ማዕዘን ተትጎለጎለ። ቤቱ ወይባ የሚሞቅ ይመስል ነበር። ባለቤቱ ቤቱን ሲገዙ እንዲያ ሆኖ ነው ያገኙት፤ አያውቁም ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ሺህ ስኩዌር ጫማ ጣራ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ቢዘንብ ወደ 620 ጋሎን ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት ቀኑን ሙሉ ታጥቦ፣ አጥቦ፣ አብስሎ ከሚያፈሰው ይበልጣል። ያውም የአንድ ቤት ጣራ፣ ያውም የአንድ ኢንች ዝናብ። በ2022 የመጨረሻ ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 5.46 ኢንች ነው የወረደው። የእኛም ሰፈር ከዚያ ብዙ አልራቀም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነገሩን በግልባጩ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲያይል፣ የሽንት ቤት ጉድጓዱን ቀስ አድርጎ ወደ ጎርፉ የሚለቅ ጎረቤት የሌለው ማን ነው? እዚያ ፍሳሹን ጎርፍ ውስጥ እንጨምራለን። እዚህ ጎርፉን ፍሳሽ ውስጥ። የሚደርሰው ግን ያው ወንዙ ወይም ባሕሩ ጋ ነው።

«ትልቅ ታንክ ይሠራና ይገላግለን»

ከሁሉም ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን አንቀጽ ነው። ምክንያቱም ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ያን ቀን የሚያጠራቅም ታንክ ከተሠራ መቶ ሺህ ሰው ጓሮ መቆፈር ለምን አስፈለገ?

ችግሩ ይህ ሐሳብ አዲስ አለመሆኑ ነው። ተሞክሯል፤ እዚሁ። በ1980ዎቹ ተጀምሮ ሦስት የዝናብ ጊዜ ጣቢያዎች ተሠሩ። ኦክፖርት፣ ሳን አንቶኒዮ ክሪክ፣ ፖይንት ኢዛቤል ይባላሉ። ሥራቸው በዝናብ ቀን የተረፈውን ተቀብሎ፣ የቻሉትን ያህል ይዞ፣ የቀረውን በወንፊት አሳልፎና ክሎሪን ጨምሮበት ወደ ቤይ መልቀቅ ነበር። በግማሽ የተጣራ ፍሳሽ ማለት ነው። ለሃያ ዓመት ገደማ እንዲያ ተኖረ። በ2009 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና የካሊፎርኒያ የውሃ ቦርዶች ይህ አይቀጥልም አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 በስምምነት አለቀ። ኢስት ቤይ መድና ሰባቱ የአካባቢው የፍሳሽ መስመር ባለቤቶች፣ ኦክላንድና በርክሌይ ያሉበት፣ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈሉ። 1,600 ማይል የሚሆነውን መስመራቸውን በ21 ዓመት ውስጥ ሊመረምሩና ሊያሻሽሉ ተስማሙ። ጸሐፊው «አንድ ቀን ቢሮክራት ተነስቶ ያመጣው» የሚሉት ነገር ታሪኩ ይሄ ነው። ታንኩ ተሠርቶ አላዋጣ ሲል የመጣ ነው።

ሌላ ቦታ የተሻለ ሠርቶ ይሆናል የሚል ካለ የሚልዎኪን ከተማ ይይ። ከመሬት በታች ጥልቅ መተላለፊያ ቆፍረው 521 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዝ ማጠራቀሚያ አላቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሠራል፤ ብዙም ጠቅሟል። በሐምሌ 2010 ዝናብ ግን እሱም ሞልቶ ፈሰሰ። በዚያው ዓመት የሚልዎኪ የፍሳሽ ድርጅት ወደ ግል ቤቶች ቱቦ ፊቱን አዞረ። ታንክ የሚያጠራቅመውን ያህል ነው የሚያጠራቅመው፤ ቀዳዳ ቱቦ ግን ልክ የለውም። በየዓመቱ ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል።

ታንክ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ኪሳችን ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ትልቅ ቦርሳ አንግዛ ነው የምለው።

«ጥፋቱ የቅቤያችን ነው ይሉናል»

እዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ በግማሽ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን ለዝናብ ጊዜ ፍሰት ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይደለም። ቅባት ቱቦ ይዘጋል። የተዘጋ ቱቦ ግን በጠራራ ፀሐይም ሞልቶ ይወጣል። በዝናብ ቀን ከተማ ሙሉ አንዴ የሚሞላው በቅባት ምክንያት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው።

ግማሹን ያልሰጠሁበት ምክንያት አለኝ። የክትፎ መጥበሻ በሙቅ ውሃ እያጠቡ ቅቤውን ሲንክ ውስጥ የሚለቁ ዘመዶች አሉኝ። «ሙቅ ውሃ ያወርደዋል» ይላሉ። ያወርደዋል፤ ጎረቤት ቤት ደጃፍ እስኪደርስ። እዚያ ቀዝቅዞ ይረጋል። የዛፍ ሥር ካገኘ ደግሞ እሱ ላይ ይጋገራል።

«የዓሣውን እልቂት ምክንያት አደረጉት»

አጭር ነው፤ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በ2022 ሌክ ሜሪት ዳር የሞተ ዓሣ ተከምሮ ሲሸት በሠፈሩ ያለፈ ሁሉ ያስታውሳል። ያ የሆነው በነሐሴ ነው፤ ዝናብ በሌለበት። ምክንያቱ ቤይ ውስጥ የተራባ አልጌ ነበር። አልጌውን የሚመግበው ደግሞ ተጣርቶም ቢሆን ከማጣሪያዎቹ የሚወጣው ውሃ ውስጥ የሚቀር ናይትሮጂን ነው። ከተሰነጠቀ ቱቦ ጋር ማያያዝ ስህተት ነው። ሌላ ውድ ሥራ ይጠብቀናል ማለት ግን ነው። ቢሉ ሲመጣ ጸሐፊው እንደገና ይጻፉ፤ እኔም አነባለሁ።

«ቤት ሲሸጥ 4,500 ዶላር ይቀጡናል»

ይህ ግን መታረም አለበት፤ ሰው ያስደነግጣል። 4,500 ዶላሩ ቅጣት አይደለም፤ ማስያዣ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ቤት ሲሸጥ፣ ወይም ከ100,000 ዶላር በላይ እድሳት ሲደረግ፣ ወይም የውሃ ቆጣሪው መጠን ሲቀየር የቤቱ ቱቦ እንደማያፈስ መረጋገጥ አለበት። ሽያጩ ደርሶ ቱቦው ካልተስተካከለ 4,500 ዶላር ኢስክሮ ውስጥ (በሻጭና በገዢ መካከል ባለ ገለልተኛ ወገን እጅ) ይቀመጥና 180 ቀን ይሰጣል። ሥራው አልቆ የምስክር ወረቀት ሲገኝ ገንዘቡ ይመለሳል። እኔ ራሴ ቤቴን የገዛሁት እንዲህ ነው። ሻጯ አሮጊት ነበሩ፤ ለመቆፈር አቅሙም ጊዜውም አልነበራቸውም። ተነጋግረን ሥራውን እኔ ወሰድኩት፤ ከዋጋው ቀነሱልኝ።

መንገዱ ሁሉ ይታረሳል ያሉትም አልሆነም። ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አንዱ ከቤቱ ጥግ፣ ሌላው ከመንገዱ አጠገብ። የብረት ሹል ያለው ነገር በኬብል ታስሮ በድሮው ቱቦ ውስጥ ተጎተተ። ሸክላውን እያፈረሰ ሲሄድ ከኋላው ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ ያስገባል፤ አንድ ወጥ፣ መጋጠሚያ የሌለው። በረንዳው ላይ ቆሜ ሸክላው መሬት ውስጥ ሲሰበር ሰማሁት፤ ከሥሬ ኩሽኩሽ የሚል ድምፅ። ከምሳ በፊት አለቀ። ለዋናው የመንገድ መስመር ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ሙጫ የጠጣ ለስላሳ ከረጢት አሮጌው ቱቦ ውስጥ ይሰደድና ተነፍቶ በሙቀት ይደርቃል፤ ቱቦ ውስጥ ቱቦ ይሆናል። ይህን ኤሪክ ዉድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1971 ለንደን ውስጥ ነው የጀመረው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዘዴ ነው፤ «እኛ ላይ ይሞክሩብናል» የሚለው አያስኬድም።

መጨረሻ ላይ ፈተናው ነበር። ታችኛውን ጫፍ ዘጉት። በላይኛው ቀዳዳ ውሃ ሞሉበትና ዝቅ ይል እንደሆነ ቆመን ጠበቅን። ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ውሃውን አያለሁ። ንቅንቅ አላለም። ሙሉ ቱቦ የቀየረ ሰው ወረቀቱ ለ20 ዓመት ይሠራለታል። ጠግኖ ወይም እንዳለ ያለፈ 7 ዓመት።

ጸሐፊው «የመንገዱን ቱቦ ከተማው ያድስ፤ የቤቴን ይተውልኝ» ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ከየቤቱ የሚወጡት ትንንሽ ቱቦዎች ሲደመሩ ርዝመታቸው ከመንገዱ መስመር አይተናነስም። ደግሞ ውሃ ብልጥ ነው። የመንገዱ ቱቦ ሲደፈን አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይልና ቀጥሎ ያለውን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የቤቱን። ግማሹን ብቻ አድሶ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለውጥ ማጣት የሚመጣው በዚህ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግን ጸሐፊውን አልከራከርም። የኔ ቱቦ የአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ወስዷል። ቤት ሲሸጥ መጠየቁ ብልህነት አለበት፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ቀን ነውና። ነገር ግን አርባ ዓመት በኖረበት ቤት ውስጥ የሚጦር ሰው አይሸጥም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቀውም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የተበላሸው ቱቦ ያለው እሱ ቤት ነው። እንዲህ ላሉት እርዳታ ቢኖር ቱቦውም ቶሎ ይቀየር ነበር። ጸሐፊው «ይቅር» ከሚሉ «ይረዱን» ቢሉ ከጎናቸው እቆማለሁ።

«በዚህ አካሄድ መቼ ሊያልቅ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦክላንድ ከ900 ማይል በላይ የፍሳሽ መስመር አላት። የምታድሰው በዓመት 13 ማይል ገደማ ነው። አካፍሉት፤ ሰባ ዓመት ይመጣል። የመጨረሻው ሲታደስ የመጀመሪያው ያረጃል ማለታቸው ቀልድ ብቻ አይደለም።

ግን ሁሉም ቱቦ እኩል አያፈስም። ዝናብ ሲመጣ የየሠፈሩ ፍሰት በመለኪያ ይታያል። አንዱ ሠፈር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌላው እጥፍ በእጥፍ ይሆናል። ከሁለተኛው ከተጀመረ ከሰባው ዓመት በፊት ብዙ ይቀየራል። መጠየቅ ያለብን ይሄን ነው፤ በየዓመቱ የሚታደሰው 13 ማይል የትኛው ነው? በጣም የሚያፈሰው ነው ወይስ ለመቆፈር የሚመቸው? ይህን ከተማው ምክር ቤት ሄዶ የሚጠይቅ ሐበሻ እስካሁን አላየሁም። እኔንም ጨምሮ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጸሐፊው ቤታቸውን በ1998 እንደገዙ ጽፈዋል። ያኔ ደንቡ አልነበረም። ስለዚህ ያ «ገና ይሠራል» ያሉት የጓሯቸው ቱቦ ምናልባት ማንም ዓይን አርፎበት አያውቅም። ካሜራ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ አግኝተው ቢያስገቡለት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ወጣ ይበሉና አሸንዳቸው ታች የት እንደሚገባ ይዩ። ሣር ላይ ከሆነ ደህና። መሬት ውስጥ ከገባ ይደውሉልኝ፤ ስልኬ ያ ወዳጄ ጋ አለ።